ከገመዱ ወዲያ

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ይበርድልኝ ይሆናል ብዬ ወራት ጠበቅሁ፤ አልበረደልኝም። እንዲያውም ሰው «ያን ነገር እስካሁን አልረሳሽውም እንዴ?» ባለኝ ቁጥር እንደ አዲስ ደሜ ይፈላል።

ጅማ ውስጥ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁትም እዚያው ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ነው። መሪ ያስያዙኝ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአጋሮና ከሊሙ ቡና እየጫኑ አዲስ አበባ ሲያመላልሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሹፌር። የሰፈር ሰው «ሴት ልጅ መኪና ታስተምራለህ?» ብሎ ሲወቅሳቸው፣ «እሷ ቢያንስ ፍሬኑ የት እንዳለ ታውቃለች» ይሉ ነበር።

ውድድሩን ለምን እንዳዘጋጀሁት አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ «ዋንጫ ፈልጋ ነው» ተብያለሁና። ያስተማርኳቸው ሁለት ወጣቶች መንጃ ፈቃድ ባወጡ በዓመታቸው ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ላይ ሲሽቀዳደሙ ተገለበጡ። አንዱ ዛሬም በክራንች ነው የሚሄደው። ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ እናቱ እጄን ይዛ፣ «አንቺ ነሽ አይደል ያስተማርሽው?» አለችኝ። ክፉ አስባ አይደለም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። እኔ ግን ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም። ወጣቶቹ ፍጥነት መውደዳቸው አይቀርም፤ ታዲያ ሰው በማይሞትበት ቦታ ለምን አይሞክሩትም? እያልኩ ከረምኩ።

መልሱን ያመጣልኝ ከሠልጣኞቼ አንዱ ነው። ከሰሜን የመጣ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሞተር የሚያስተምር መምህር ነበር። ስለ ሞተር የማያውቀው የለም፤ መኪና መንዳት ግን አይችልም ነበር። አንድ ጠዋት በተደረደሩ የፕላስቲክ ኮኖች መሀል ወደ ኋላ ሳስነዳው፣ ሦስተኛውን ኮን ረግጦ እየሳቀ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር'ኮ በሌላ አገር ስፖርት ነው» አለኝ። አውቶክሮስ ይባላል አለ። ሰፊ ሜዳ ላይ ኮን ይደረደራል፤ መኪኖች አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ማንም ማንንም አይቀድምም፤ የምትወዳደሪው ከሰዓት ጋር ብቻ ነው። ኮን ከነካሽ ሰከንድ ይጨመርብሻል። መኪናሽ ተራ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ዋናው እጅሽና ዓይንሽ ነው።

የዚያኑ ዕለት ከአጎቴ ቤት ተቀምጠን ሦስታችን ማውራት ጀመርን። አጎቴ በጥሞና ሰሙና፣ «ተመልካቹ የት ነው የሚቆመው?» ብለው ጠየቁ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ከጎማው ፊት ስላለው ሰው ነው።

ሜዳ ፍለጋ ክረምቱ አለቀ። የኳስ ሜዳ ጠየቅን፤ ሣሩ ይበላሻል ተባልን። የአንድ ግቢ ባለቤት ፈቅዶልን፣ በነጋታው ደውሎ ከለከለን። በመጨረሻ አጎቴ ድሮ ቡና ይጭኑላቸው የነበሩ አንድ ነጋዴ አጋሮ ዳር ያለውን የቡና ግቢያቸውን ፈቀዱልን። ግማሹ ሲሚንቶ፣ ግማሹ ጠጠር የሆነ ትልቅ ግቢ ነው። የቡና ለቀማ እስኪጀመር ድረስ ባዶውን ነው የሚውለው። ሽማግሌው ሰው ለሁሉም «ሀጂ» ናቸው፤ እኔም እንደዚያው ነው የምጠራቸው። «ኢንሻአላህ ተጫወቱ» አሉን። «የእኔም ልጅ ይነዳል።» ልጃቸው ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ አዲስ ፒክአፕ የያዘ ሰው ነው። ማንም ይንዳ አልን።

ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ገጽ ነው። ሁሉም የሞተር ሳይክል ሄልሜት ያደርጋል። ኮን የነካ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። ሁለት ሁለት ዙር ይነዳል፤ የተሻለው ይያዛል። የመጨረሻውን መስመር ደግሞ ከታች አሰመርኩበት፤ መኪናው ከተመልካች ገመድ ያለፈ ከውድድሩ ይወጣል፣ ሁለተኛ ዙር የለውም።

መምህሩ ሰዓት እንዲይዝ፣ አጎቴ ባንዲራ እንዲይዙ ተስማማን። እኔ ደግሞ መወዳደር ፈለግሁ። ለምን እደብቃለሁ? ሃያ ዓመት ሰው ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጬ ፍሬን ስረግጥ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን እኔ ልንዳ አልኩ። መምህሩ «አዘጋጅም ተወዳዳሪም? ሰው አያወራም?» አለኝ። ተወዳዳሪዎቹን ሰብስቤ ጠየቅኳቸው። «ኧረ ንጂ ቲቸር! ማን ይከለክልሻል!» ብለው ሳቁ። ሁሉም ወረቀቱ ላይ ፈረሙ፤ የሀጂ ልጅም ፈረመ። አሁን ሲገባኝ የፈቀዱልኝ መጨረሻ እወጣለሁ ብለው ነው። መጨረሻ ብወጣ ኖሮ ዛሬም «የእኛ ቲቸር» እባል ነበር።

ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ማለዳ አጋሮ ደረስን። ኮን ስላልበቃን ቢጫ የዘይት ጀሪካን በውሃ እየሞላን ጨመርንበት። አጎቴ የተመልካቹን ገመድ ራሳቸው ወጠሩት። እኔ በሰባት እርምጃ የለካሁትን አሥራ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ወሰዱት። «አጎቴ፣ ሰዉ'ኮ ምንም አይታየውም» ብላቸው፣ «አይታየው» አሉ። «ለማየት መጀመሪያ በሕይወት መኖር አለበት።»

አሥራ አራት መኪና መጣ። አሮጌ ዲኤክስ፣ ቪትዝ፣ አንድ ሚኒባስ ሳይቀር። ከጅማ፣ ከመንደራ ቆጪ ሰፈር የመጣ የባጃጅ ሹፌር ነበረ፤ የአክስቱን ልጅ ቪትዝ ለምኖ ይዞ መጥቷል። ተመልካቹም ካሰብነው በላይ ሆነ። በግቢው ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ለቀማው ገና ስላልተጀመረ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ከገመዱ ጀርባ ተደረደሩ። አንዲት አሮጊት ባዶ ጆንያ አንጥፈው መጨረሻው መታጠፊያ አቅጣጫ ተቀመጡ። አጎቴ በኦሮምኛ «ሀዳ ኮ፣ እናቴ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ» አሏቸው። ሴትዮዋ ጥቂት ፈቀቅ አሉና ጆንያቸውን እንደገና አነጠፉ።

የእኔ ተራ አምስተኛ ነበር። የማስተምርበትን አሮጌ ዲኤክስ ነው የነዳሁት፤ የአስተማሪው ፍሬን ከጎን አሁንም አለ። መቀመጫዬን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳብኩ። አጎቴ ባንዲራውን ሲጥሉ ግን ሁሉም ነገር ጸጥ አለልኝ። ሲሚንቶው ላይ በሁለተኛ ማርሽ ገባሁ፤ ጀሪካኖቹን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያልኩ አለፍኩ፤ ጠጠሩ ላይ ስደርስ ኋላዬ ሊንሸራተት ሲል ነዳጁን ሳልለቅ መሪውን ብቻ መለስኩት። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ቀድሜ ፍሬን ያዝኩ። ያ መታጠፊያ አታላይ ነው፤ ቀጥ ያለው መንገድ ፍጥነት ያስመኝሻል። ስቆም መምህሩ ሰዓቱን እያየ እየዘለለ መጣ። «አርባ ስምንት! ቲቸር፣ አርባ ስምንት ሰከንድ! ማንም ከአምሳ በታች አልነዳም!» ነጭ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ደስታዬ ሩብ ሰዓት አልቆየም።

የሀጂ ልጅ ዘጠነኛ ገባ። ሞንታርቦ ይዞ የሚያስተዋውቀው ወጣት «የግቢው ባለቤት ልጅ! አጨብጭቡለት!» አለ፤ ተጨበጨበ። ፒክአፑ ገና ሲነሳ ጠጠር ረጨ። ሁለት ጀሪካን ጥሎ አለፈ። ጠጠሩ ላይ ፍጥነት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ከመታጠፊያው በፊት ፍሬን መያዝ የነበረበት ቦታ ላይ አልያዘም። እኔ ከመነሻው ቆሜ ሳለሁ ቀኝ እግሬ በራሱ መሬቱን ረገጠ፤ የሥራ ልማድ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ተንሸራተተ፤ ገመዱን በጥሶ፣ የታሰረበትን ሁለት እንጨት ነቅሎ፣ ከገመዱ ወዲያ ገብቶ ቆመ።

የቆመው ጆንያው ላይ ነው። የፊት ጎማው፣ አሮጊቷ ተቀምጠውበት የነበረው ጆንያ ላይ። እሳቸው ፀሐዩ ስለበረታባቸው ከጎረቤታቸው ጃንጥላ ሥር ልጠለል ብለው ከተነሱ ሁለት ደቂቃ አልሆናቸውም። ከጎማው ሦስት እርምጃ ርቀው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆመዋል። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። የምን ሳቅ እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ፤ ሰው ሌላ ምንም ማድረግ ሲያቅተው የሚስቀው ነው።

አስተዋዋቂው በሞንታርቦው «ጀግና! ይሄ ነው መንዳት!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ አጨበጨበ።

ይህን ጭብጨባ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

አጎቴ ቀይ ባንዲራውን አንስተው ወደ ፒክአፑ ሄዱ። ልጁ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ይስቃል። «ወጥተሃል» አሉት። «ምን ወጣሁ?» «ከውድድሩ። ፈርመሃል።»

ወርዶ ወደ እኛ መጣ። ተወዳዳሪዎቹም ተሰበሰቡ። «ጎማው አዲስ ስለሆነ ነው የተንሸራተተው» አለ። «ሁለተኛ ዙሬን እነዳለሁ።»

«ሁለተኛ ዙር የለህም» አልኩት።

«ማን ነው የሚለው?»

«ወረቀቱ።»

«ወረቀቱን ማን ጻፈው? አንቺ። ባንዲራውን ማን ያዘው? አጎትሽ። አንደኛ የሆነው ማን ነው? አንቺ።» በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚናገረው። «እንደማሸንፍሽ ስለምታውቂ ነው።»

ዙሪያውን አየሁ። ወረቀቱን ሲፈርሙ የሳቁት ሁሉ አሁን ጫማቸውን ያያሉ። አንዱ «እውነቱን ነው እንጂ፣ ትንሽ ይከብዳል» አለ። ሌላው «ግቢው'ኮ የአባቱ ነው፤ ነውር ነው» አለ። መምህሩን አየሁት። እሱ ያንን ጆንያ አይቷል፤ ስለ ፍጥነትና ስለ ፍሬን ከእኔ የበለጠ ያውቃል። «ቲቸር፣ ማንም ስላልተጎዳ... ለዛሬ አንድ ዕድል ብንሰጠውስ?» አለኝ።

ጥላ ሥር ወንበር ላይ የተቀመጡት ሀጂ ሁሉን ይሰማሉ። መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

ያበሸቀኝ ልጁ ያለው ነገር በከፊል እውነት መሆኑ ነው። ሕጉን የጻፍኩት እኔ፣ ባንዲራ የያዙት አጎቴ፣ ሰሌዳው ላይ ከላይ የተጻፈው የእኔ ሰዓት። መምህሩ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ስለ ጎማና ስለ ሰው ነፍስ መነጋገር ሲገባን ስለ እኔ ዋንጫ እንድንነጋገር በሩን የከፈትኩለት እኔ ራሴ ነኝ።

ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። የእኔን መስመር በሻሼ ጫፍ ጠረግሁት። አርባ ስምንቱንም፣ ስሜንም።

«አሁን ተወዳዳሪ አይደለሁም» አልኩ። ወደ ልጁ ዞርኩ። «አሁን አዘጋጅ ብቻ ነኝ። የማሸንፈው ነገር የለኝም። አንተ ወጥተሃል። መኪናህን ከሰው መሀል አውጣ።»

አጎቴ ብቻ ቀስ ብለው «ጀባዹ፣ ልጄ» አሉኝ፤ በርቺ ማለታቸው ነው። ልጁ ምራቁን ጠጠሩ ላይ ተፍቶ ፒክአፑ ውስጥ ገባና በዋናው በር ጥሩንባ እየነፋ ወጣ።

ገመዱን እንደገና ወጥረን ውድድሩን ጨረስን። የመንደራ ቆጪው የባጃጅ ሹፌር በሁለተኛ ዙሩ በአምሳ ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ። ዋንጫውን ከተቀበለ በኋላ ወደ እኔ ይዞት መጣ። «ቲቸር፣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሄ ያንቺ ነው።» ቅን ሰው ነው፤ ግን በእሱም ተናደድኩ። «የምታውቁ ከሆነ ቅድም ለምን አልተናገራችሁም?» አልኩት። ዋንጫውን እንደያዘ ቆመ። «ውሰደው» አልኩት። «ጀሪካን ሳትነካ ነው የነዳኸው። ያንተ ነው።» ኮኖቹን ጭነን ከአጎቴ ጋር ወደ ጅማ ተመለስን።

በሳምንቱ ሀጂ አስጠሩኝ። ጅማ ካለው ሱቃቸው ሄድኩ። ሻይ አዘዙልኝ፤ አልጠጣሁትም።

«ልጄን በሰው ፊት አዋረድሽው» አሉኝ።

«ሀጂ፣ ጆንያውን አይተውታል?»

«አይቻለሁ።»

«ጎማው የት እንደቆመ?»

«አይቻለሁ አልኩሽ። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም።» ያልጠጣሁትን ሻይ ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ «ግቢው ለከርሞም የእናንተው ነው። ዳኝነቱን ግን ለሌላ ሰው ስጡት» አሉ።

ትልቅ ሰው ናቸው፤ አክብሬያቸው ነው የኖርኩት፤ አጎቴም በእሳቸው ሥራ እንጀራ በልተዋል። ተነሳሁና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ሀጂ፣ ግቢዎን አንፈልገውም» አልኳቸው። ማንም አልተጎዳም! ያን ሰሞን ጅማ ውስጥ ይህን ያላለኝ ሰው የለም። መምህሩ አለኝ፣ ጎረቤቴ አለችኝ፣ አስተዋዋቂው መንገድ ላይ አቁሞ አለኝ። ሰው ለመናደድ ሬሳ ማየት አለበት እንዴ?

ከሀጂ ሱቅ ስወጣ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ትዝ ያለኝ። እኚያን ሴትዮ አላናገርኳቸውም። ያን እሁድ ስለ ሰሌዳው ስጮኽ፣ ስሜን ስጠርግ፣ ዋንጫ አልቀበልም ስል፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሄጄ «ደህና ነዎት?» አላልኳቸውም። ሌላውን ሁሉ ስራገም እኔም ረስቻቸው ነበር።

በማግስቱ ሠልጣኞቼን ሰርዤ አጋሮ ሄድኩ። ጠይቄ ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁ። በር ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እንድቀመጥ በርጩማ ሳቡልኝ። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እየቀላቀልን አወራን።

«ደህና ነዎት ወይ ልልዎት ነው የመጣሁት። ዘግይቻለሁ።»

«ከዚያ ቀን ወዲህ የጠየቀኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ። «ደህና ነኝ። ማታ ማታ ብቻ ስተኛ ይሄ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። መኪና ሲያልፍ እነሳለሁ።» ጎመኑን አስቀመጡ። «ያን ቀን ሰዉ ሲያጨበጭብ ሰምቼ ለእኔ መሰለኝ፤ ስለተረፍኩ። ኋላ ነው ለመኪናው መሆኑ የገባኝ።»

በሀጂ ልጅ ላይ አቤቱታ ላቅርብ ብላቸው እጄን ያዙኝ። «ተይ፣ ልጄ። ለቀማው ሊጀመር ነው። የምሠራው እዚያው ግቢ ነው፤ የሚቆጣጠረኝም እሱ ነው። ስሜን አታንሺ፣ ወላሂ በአላህ ይዤሻለሁ።» አላነሳሁም፤ አሁንም አላነሳሁም። ግን ይህ ዝምታ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል። የተጎዳው ሰው እንኳ ተጎድቻለሁ እንዳይል ተደርጎ ነው «ማንም አልተጎዳም» የሚባለው።

ከመምህሩ ጋር አንድ ወር ያህል ተኮራረፍን። አንድ ቀን ማሠልጠኛው ድረስ መጣና መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። «ግቢውን እንዳናጣ ፈርቼ ነው» አለኝ። «ፈሪ ነኝ፤ ልክ ነሽ።» ሰበብ ይደረድራል ብዬ ነበር፤ አልደረደረም። ይቅር አልኩህ አላልኩትም፤ መኪናውን አስነሳ አልኩት። ከዚያ ወዲህ አብረን መሥራት ጀመርን፤ እንደ ድሮው ግን አይደለንም።

በጋው ሊያልቅ ሲል ሁለተኛውን ውድድር ሰቃ መንገድ ላይ ካለ አንድ የአፈር ሜዳ አደረግን። አዘጋጅ የሆነ አይወዳደርም የሚል መስመር እኔው ራሴ ጨመርኩ። ስለዚህ አልነዳሁም። ቆጨኝ፤ ሞተር በተነሳ ቁጥር ቆጨኝ።

ለምዝገባ ጠረጴዛ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ የሀጂ ልጅ በዚያው ፒክአፕ መጣ። ምንም እንዳልተፈጠረ ፈገግ ብሎ «መዝግቢኝ» አለኝ።

«እመዘግብሃለሁ» አልኩት። «መጀመሪያ አጋሮ ሂድና ጆንያቸው ላይ የቆምክባቸውን እናት ይቅርታ ጠይቅ።»

«የትኛዋን?»

የምሩን ነው። ከነጭራሹ አያውቃቸውም። ዕለት ዕለት ቡና ሲለቅሙ እያለፋቸው የትኛዋ እንደሆኑ አልጠየቀም። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ልመናቸው ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት።

«አንተ ፈልገህ አግኛቸው» አልኩት። «ከኋላህ ሰው ቆሟል፤ አሳልፍ።»

ሳቀና ሄደ። በየወሩ አጋሮ ብቅ ስል ሴትዮዋን እጠይቃቸዋለሁ። «መጣ ወይ?» እላቸዋለሁ። ሻይ እየቀዱልኝ ራሳቸውን በአሉታ ይነቀንቃሉ።